የዝሆን ዕድሜና የወለጋ ቆላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ ነቀምት ከተማ ይደርሳል። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ አየሯ የተስማማ፥ ዝናቧ የበዛ፥ ዙሪያዋም ለምለም የሆነ ከተማ ናት። ከሠፈሮቿ አንዱ ቡርቃ ጃቶ ይባላል። «ቡርቃ» በኦሮምኛ ቋንቋ ምንጭ ማለት ነው። አባቶቻችን መንደር ለመሥራት ባሰቡ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «ውሃው ወዴት ነው?» ብለው ስለ ነበረ፥ በየአገሩ በውሃ ስም የሚጠራ ስፍራ መብዛቱ አያስደንቅም። ሰው ከብቱንና ልጁን ይዞ የሚሰፍረው ውሃ ካለበት ነው።

ከነቀምት ከፍታ የሚፈልቀው ውሃ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከፊሉ ወደ አንገር፥ ከፊሉም ወደ ዴዴሳ ይገባል። አንገር ራሱ የዴዴሳ ገባር ነው፤ ዴዴሳም ሄዶ ከዐባይ ጋራ ይቀላቀላል። ስለዚህ የነቀምት ሰው ከደጁ የሚወርደውን ጅረት ሲያይ፥ ያ ውሃ በቆላው ያለውን አራዊት አጠጥቶ፥ ከዚያም አልፎ በረሓውን ተሻግሮ እስከ ባሕር የሚዘልቅ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው በዚህ የውሃ መንገድ ይመላለስ ስለ ነበረው ስለ ታላቁ እንስሳ፥ ስለ ዝሆን ነው። የዱር አውሬ ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ምን አገባው የሚል ሰው ቢኖር፥ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምነዋለን። ከእንስሳት ወገን አያቱን የሚከተል፥ የእኅቱን ልጅ የሚጠብቅ፥ የሞተ ዘመዱን አጥንት ቆሞ የሚዳስስ እንደ ዝሆን ያለ ጥቂት ነውና፥ ከዚህ ገጽ የተሻለ ስፍራ አላገኘንለትም።

የዴዴሳ ቆላ

ከነቀምት ወደ ጊምቢ የሚሄደው መንገድ ከደጋው ወርዶ ዴዴሳን ይሻገራል። ቁልቁለቱን በወረድን መጠን አየሩ ይሞቃል፤ ዛፉም ይለወጣል። በደጋው ያየነው ባሕር ዛፍና ጽድ ይቀርና ወይባው፥ ግራሩና ሽመሉ ይመጣል። ክረምቱ ሲወጣ ሰንበሌጡ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። በወንዙ ዳርና ዳር ደግሞ ሾላና ዋርካ ጥላቸውን ዘርግተው ይታያሉ።

ይህ ቆላ ለብዙ ዘመን ሁለት ዘበኞች ነበሩት። አንደኛው ወባ ነው፤ ሁለተኛው ቆላ ዝንብ ነው፤ ይኸውም ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው ዝንብ ነው። ከብት ይዞ ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር ሸለቆ የወረደ ሰው ከብቱ ሁሉ ከስቶ ሲያልቅበት ያይ ነበር፤ ራሱም በንዳድ ይያዝ ነበር። ከዚህም የተነሣ የደጋው ሰው ለአደን ወይም ለማር ካልሆነ በቀር በቆላው አይሰነብትም ነበር። ለሰው መርገም የሆነው ዝንብ ለዱር አራዊት ግን ቅጥር ሆነላቸው። ሰው ያልሰፈረበት ሰፊ ምድር፥ በበጋ የማይደርቅ ወንዝ፥ የሚበላ ሣርና ቅጠል፥ ይህ ሁሉ በአንድ ስፍራ የተገኘበት አገር የዝሆን አገር ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የሌቃ ነቀምት ገዢዎች፥ ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ፥ ኋላ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፥ ስማቸው የገነነው በዚህ ምድር ሀብት ነው። በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ሌቃ ነቀምት ለንጉሥ ምኒልክ በገበረ ጊዜ፥ ከግብሩ ዋናዎቹ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበሩ። በቢሎና በሌሎችም ገበያዎች ነጋዴው ጥርሱን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም ያሻግር ነበር። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም በነቀምት ቆሞ ይጎበኛል። ግንቡንና አዳራሹን ለማየት የሚሄድ ሰው፥ የዚያ ዘመን ክብር ግማሹ ከቆላው በሸክም የወጣ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ነገር ግን ወርቅና የዝሆን ጥርስ በግብር መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ እንጂ አንድ ዓይነት ሀብት አይደሉም። ወርቁ በምድር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ነው። ጥርሱ ግን የሚወለድ፥ ጡት የሚጠባ፥ እናቱን የሚከተል፥ ለመብሰልም እንደ ሰው ብዙ ዓመት የሚፈልግ ሕያው ነገር ነው። ይህ ልዩነት በጊዜው ስላልታሰበ ምን እንደ ደረሰ ከዚህ በታች እንነግራለን። አስቀድመን ግን የዝሆንን ዕድሜ ከልደቱ ጀምረን እንመልከት።

ልደትና እድገት

ዝሆን ልጇን በማኅፀን የምትሸከመው 22 ወር ያህል ነው። በምድር ላይ ከሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ሁሉ ይህን ያህል ረጅም እርግዝና ያለው የለም። የሚወለደው ግልገል መቶ ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ይመዝናል፤ ቁመቱም ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ምጧ የደረሰ ዝሆን ለብቻዋ አትሆንም፤ እናቷና እኅቶቿ በዙሪያዋ ይቆማሉ። ግልገሉ ሲወለድ በኩምቢያቸው እየደገፉ እንዲነሣ ይረዱታል፤ ብዙ ሳይቆይም በእግሩ ይቆማል።

የዝሆን ጡት እንደ ላም በኋላ እግሮቿ መካከል ሳይሆን እንደ ሴት በደረቷ ላይ፥ በፊት እግሮቿ መካከል ነው። ግልገሉ የሚጠባው በአፉ እንጂ በኩምቢው አይደለም። ኩምቢው አጥንት የሌለው፥ እጅግ ብዙ ጡንቻ የተጠላለፈበት ብልት ስለ ሆነ፥ ሕፃን እጁን ማዘዝ እስኪማር እንደሚቸገር ሁሉ ግልገሉም በኩምቢው ይቸገራል። አንዳንድ ጊዜ ይረግጠዋል፤ አንዳንድ ጊዜም አፉ ውስጥ ከትቶ እንደ ጣት ይጠባዋል። ውሃ በኩምቢው ስቦ ወደ አፉ ማፍሰስን አስተካክሎ የሚማረው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ በወንዝ ዳር ተንበርክኮ በአፉ ይጠጣል።

ግልገሉ ቅጠል መብላት ሲጀምር የእናቱንም ፋንድያ ይቀምሳል። ይህ ነገር ለሚያየው ሰው የሚያስጸይፍ ቢመስልም ጥበብ ያለበት ነው፤ ሣርና ቅጠልን በሆድ ውስጥ የሚያብላሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ከእናቱ ወደ እርሱ የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነውና።

ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የግልገሉ ሕይወት በእናቱ ወተት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እናቱ የተገደለችበት ጨቅላ ግልገል በዱር ይድናል ተብሎ ተስፋ አይደረግም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ታናሹ እስኪወለድ ድረስ መጥባቱን አይተውም። በአንድ ልጅና በሚቀጥለው ልጅ መካከል አራት ወይም አምስት ዓመት ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ያልወለዱ ኮረዶች ሞግዚት ሆነው ይጠብቁታል፤ ከጭቃ ያወጡታል፤ ፀሐይ ሲበረታ በሆዳቸው ሥር ያስጠልሉታል። በዚህም ሥራ ራሳቸው እናትነትን ይማራሉ።

ሴቲቱ ከቤተ ሰቧ ሳትለይ ዕድሜዋን ሁሉ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇንም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ዓመቷ በኋላ ትወልዳለች። ወንዱ ግን 14 ዓመት ሲሆነው ወይም በዚያ ገደማ ከእናቱ ቤት ይወጣል። ወጥቶም ብቻውን አይቀርም፤ ከታላላቆቹ ወንዶች ጋራ ተጠግቶ ጠባይ ይማራል። ለመዋለድ የሚያነሣሣው የደም ሙቀት በሚገባ የሚመጣበት 30 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው።

ታላላቆቹ ባይኖሩ ምን ይሆናል? በደቡብ አፍሪቃ ፒላነስበርግ በሚባል የአራዊት መጠበቂያ ይህ ነገር ታይቷል። ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው ወጣት ወንዶች ያለ ታላቅ አድገው፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት አውራሪሶችን እያባረሩ ይገድሉ ጀመር። በ1998 ስድስት ሽማግሌ ዝሆኖች ከሌላ ስፍራ ተወስደው በመካከላቸው በተለቀቁ ጊዜ ግን የጎረምሶቹ ዓመፅ በረደ። ልጅን የሚገራው ቃል ብቻ ሳይሆን የታላቅ ፊት ጭምር መሆኑን ይህ ያስረዳናል።

ዝሆን ከምድር የሚወስደውና ለምድር የሚመልሰው

ያደገ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ የሚደርስ ሣር፥ ቅጠል፥ ልጥና ፍሬ ይበላል፤ ከ100 ሊትር የሚበልጥ ውሃም ይጠጣል። ይህን ለመሙላት ከሌሊቱና ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ሲበላና ሲጓዝ ያሳልፋል። በቦትስዋና የተጠኑ ሁለት መሪ ዝሆኖች በአማካይ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እንደሚተኙ ታውቋል። እንግዲህ ይህን ያህል የሚበላ እንስሳ በአንድ ስፍራ ቢቀመጥ አገሩን በጥቂት ጊዜ ባጠፋ ነበር። ፈጣሪ ግን ተጓዥ አድርጎ ስለ ፈጠረው፥ በክረምት ወደ ሜዳው ተበትኖ አዲስ ሣር ይበላል፤ በበጋ ደግሞ ወደ ወንዙ ዳር ተመልሶ ቅጠልና ልጥ ይመገባል። የተበላው ስፍራ እስኪያገግም እርሱ በሌላ ስፍራ ነው።

ከበላው ከግማሽ የሚያንሰው ብቻ በሆዱ ይፈጫል። የቀረው ከነዘሩ በፋንድያው ይወጣል። የሾላውን ፍሬ በወንዝ ዳር በልቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲጥለው ዘሩ በተዘጋጀ ማዳበሪያ ውስጥ ወድቆ ይበቅላል። ጥንዚዛው ፋንድያውን ቆፍሮ ወደ ምድር ያስገባል፤ ወፉ ጥንዚዛውን ይለቅማል። ዝሆኑ የሰበረው ቅርንጫፍ መሬት ሲደርስ ድኩላና ሚዳቋ ይመገቡታል። ጫካውን ሰንጥቆ የሄደበት መንገድ ለሌላው አውሬ ጎዳና ይሆናል፤ ዳገቱን በቀላሉ የሚወጣበትን ስፍራ መርጦ ስለሚሄድ ሰውም ብዙ ጊዜ ዳናውን ተከትሏል።

ይልቁንም የሚያስደንቀው የውሃው ነገር ነው። ወንዙ በበጋ ሲደርቅ ዝሆን ከአሸዋው ሥር ያለውን ውሃ ፈልጎ በእግሩና በኩምቢው ይቆፍራል። ውሃው በፈለቀ ጊዜ እርሱ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ከእርሱ በኋላ አጋዘኑ፥ ከርከሮው፥ ዝንጀሮውና ወፉ መጥተው ይጠጣሉ። በኦሮምኛ ቡርቃ የምንለውን በደረቅ ምድር ላይ የሚያወጣው እርሱ ነው ማለት ነው። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚለው የአበው ምሳሌ እውነት ነው፤ ዝሆኖቹ በሰላም ሲኖሩ ግን ከሣሩ ጀምሮ እስከ ወፉ የሚጠቀመው ብዙ ነው።

ባልቴቷ

የዝሆን ቤተ ሰብ የሚመራው በወንድ አይደለም፤ በዕድሜ ከሁሉ በምትበልጠው ሴት ነው። እርሷ ስትነሣ ሁሉ ይነሣል፤ እርሷ ስትቆም ሁሉ ይቆማል። የሰው ጆሮ በማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ከሩቅ ካሉት ዘመዶቿ ጋራ ትነጋገራለች፤ ይህ ድምፅ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የወዳጅና የእንግዳን ድምፅ ትለያለች። ከሁሉም በላይ ግን ድርቅ በመጣ ጊዜ ውሃ የሚገኝበትን ስፍራ ታስታውሳለች።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ነገር በታንዛንያ ታራንጊሬ በሚባል ፓርክ ታይቷል። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1993 ጽኑ ድርቅ ሆነና ከ81 ግልገሎች 16 ሞቱ። ሊቃውንት ነገሩን ሲመረምሩ፥ ከፓርኩ ወጥተው ውሃና ሣር ወዳለበት ሌላ ስፍራ የሄዱት ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን በብዛት አትርፈዋል፤ በዚያው የቀሩት ግን ብዙ ግልገል አጥተዋል። የወጡት በዕድሜ የገፉ ባልቴቶች የነበሩዋቸው ናቸው። እነዚያ ባልቴቶች ከ1958 እስከ 1961 በነበረው ድርቅ ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ከ30 ዓመት በላይ ያለፈውን መከራ አስታውሰው ልጆቻቸውን አዳኑ ተብሎ ይታመናል። የቀሩት ቤተ ሰቦች ባልቴቶች ግን ቀድመው በአዳኝ ጥይት ያለቁባቸው ነበሩ።

እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ በአገራችን በየመንደሩ የነበሩትን እናቶች አሰብን። በክፉ ቀን የሚበላውን ሥርና ቅጠል፥ በበጋ የማይነጥፈውን ምንጭ፥ የከብቱን በሽታ መድኃኒት የሚያውቁ እነርሱ ነበሩ። ያ ዕውቀት በመጽሐፍ ያልተጻፈ ስለ ነበረ፥ አንዲት አሮጊት ስትሞት ከእርሷ ጋራ የሚቀበረው ብዙ ነው። የዝሆንም ቤተ ሰብ እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ በባልቴቷ ራስ ውስጥ ነው።

እርጅናና ሞት

ዝሆን በዕድሜው ሁሉ ስድስት ጊዜ መንጋጋ ያበቅላል። የፊተኛው እያለቀ ሲሄድ አዲሱ ከበስተኋላ እየገፋ ይተካዋል። ስድስተኛው በ60 ዓመት ገደማ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አይመጣም። ያረጀው ዝሆን ደረቅ ልጥና ግንድ ማኘክ ስለማይችል፥ ለስላሳ ሣር ወዳለበት ወደ ረግረግና ወደ ወንዝ ዳር ይጠጋል፤ በዚያም በመጨረሻ ይወድቃል። ዝሆኖች የሚሞቱበት የምስጢር መቃብር አለ የሚለው የቆየ ወሬ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ቤተ ሰቡም የሞተውን በኩምቢ ይዳስሱታል፤ ቅጠልና አፈር ይጥሉበታል፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ በአጥንቱ አጠገብ ሲያልፉ ቆም ይላሉ።

ይህ እንግዲህ በሰላም የኖረ ዝሆን ዕድሜ ነው። ልክ የሰው ዕድሜ ያህል ነው። በዘገየ ይወልዳል፤ በዘገየ ያድጋል፤ በዘገየም ይማራል። በአንድ ቀን አደን የጠፋውን መንጋ ለመተካት የሰው ትውልድ ያህል ዘመን ያስፈልጋል።

ጥርሱ ጠላቱ ሆነ

አገራችን ከጥንት ጀምሮ የዝሆን አገር ናት። በጎንደር አጠገብ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የዝሆን ወገን አራዊት አጥንቶች ተገኝተዋል። በአክሱም ዘመን የዝሆን ጥርስ በአዱሊስ ወደብ ይወጣ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዘመን ከቢዛንታዊው ንጉሥ ከዩስጢንያኖስ ተልኮ የመጣው ኖኖሱስ፥ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ በመንገድ 5,000 ያህል ዝሆኖች በአንድ ሜዳ አየሁ ሲል ጽፏል። በዚያ መንገድ ዛሬ የሚሄድ ሰው ያንን ትርኢት አያገኝም።

ጥርሱ ዝሆን በሕይወት እስካለ ድረስ ያድጋል። ስለዚህ ትልቁን ጥርስ የሚፈልግ አዳኝ የሚመርጠው በዕድሜ የገፉትን ነው፤ ይኸውም ጎረምሳውን የሚገራውን ሽማግሌና የውሃውን መንገድ የምታውቀውን ባልቴት ነው። በአገራችንም ዝሆን መግደል የጀግንነት ምልክት ነበር፤ ገዳዩ ተሸልሞ፥ በጆሮው ሎቲ አንጠልጥሎ ይፎክር ነበር። በጦርና በእግር ይታደን በነበረበት ዘመን የሚሞተው ዝሆን ጥቂት ነበር፤ አዳኙም ራሱ ብዙ ጊዜ ይሞት ነበር። ጠመንጃ በበዛ ጊዜ ግን፥ የኤውሮጳና የአሜሪካ ገበያ ጥርሱን ለፒያኖ ቁልፍና ለቢሊያርዶ ኳስ ሲፈልገው፥ ነገሩ ከጀግንነት ወጥቶ ንግድ ሆነ።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አይተው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1909 የአደንን ነገር፥ ይልቁንም የዝሆንን አደን የሚወስን ደንብ አወጡ። በ1944ም የዱር አራዊትን ለመጠበቅ ዐዋጅ ታወጀ። ይሁን እንጂ በዓለም ያለው ገበያ እስካልተዘጋ ድረስ የአንድ አገር ዐዋጅ ብቻውን አልበቃም። በአፍሪቃ በ1979 ወደ 1.3 ሚሊዮን ይገመቱ የነበሩት ዝሆኖች በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 600,000 ወረዱ። በ1989 መንግሥታት ተሰብስበው የዝሆን ጥርስ በአገሮች መካከል እንዳይሸጥ ወሰኑ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ወደ ስምምነቱ ገባች። በ2016 በወጣው ቁጥር መላው አፍሪቃ የቀረው 415,000 ያህል ነበር። በአገራችን ያሉት ሁለት ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

አደኑ ቁጥርን ብቻ አላጎደለም፤ የዝሆንን መልክ እስከ መለወጥ ደርሷል። በሞዛምቢክ ጎሮንጎሳ በሚባለው ፓርክ፥ ከ1977 እስከ 1992 በቆየው የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥርስ ያላቸው ዝሆኖች እየተመረጡ ስለ ተገደሉ፥ ከጦርነቱ በፊት ከመቶ 18 ያህል የነበሩት ጥርስ የለሽ ሴቶች ከጦርነቱ በኋላ ከመቶ ወደ 50 ከፍ አሉ። ያለ ጥርስ የተወለደችው ተርፋ ያለ ጥርስ ትወልዳለች ማለት ነው።

መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከሕገ ወጦች ተይዞ የተከማቸ 6 ቶን ከ100 ኪሎ የሚያህል የዝሆን ጥርስ በእሳት ተቃጠለ። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ለምን ይቃጠላል ያሉ ነበሩ። መልሱ ግን ግልጽ ነው፤ ጥርሱ ዋጋ ያለው በዝሆኑ አፍ ላይ ሲሆን ብቻ ነው ለማለት ነው።

የተዘጋው መንገድ

የጥርስ ንግድ ቢቆምም ሁለተኛ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ምድሩ ነው። በዴዴሳና በአንገር ሸለቆ ቆላ ዝንቡና ወባው በመድኃኒት እየተመከቱ ሲሄዱ፥ ሰው ለመስፈር ቻለ። በደርግ ዘመን የአንገር ዴዴሳ የመንግሥት እርሻ ተቋቋመ፤ ከሌላ አገርም ሰፋሪዎች መጡ። ኋላም የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካ አገዳ በሸለቆው ተተከለ። ሰው ከበሽታ መዳኑና እንጀራ ማግኘቱ የሚያስደስት እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። ነገር ግን የቀድሞው ቅጥር በፈረሰ ጊዜ በምትኩ ሌላ ቅጥር ስላልታሰበ፥ ዛሬ በዴዴሳ ድልድይ ላይ ቆሞ ዝሆን አያለሁ ብሎ የሚጠባበቅ መንገደኛ የለም።

በሐረርጌ ያለው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ለዚህ ትምህርት ይሆነናል። ይህ መጠለያ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1970 ለዝሆኖች ተብሎ የተከለለ ነው። በዚያ ያሉት ዝሆኖች የኤረርንና የጎቤሌን ሸለቆ እየተከተሉ በክረምትና በበጋ ይመላለሳሉ፤ ከሜክሲኮ የመጣውን ቁልቋል እንኳ ከነእሾሁ መብላት ተምረዋል። ሆኖም ከብትና እርሻ ወደ ሸለቆው በገባ መጠን መንገዳቸው ጠበበ፤ ከሰው ጋራም ተጣሉ። ወሰን በካርታ ላይ መሥመር ማስመር ቀላል ነው፤ ውሃውና መንገዱ በሌላ እጅ ከገባ ግን ያ መሥመር ዝሆኑን አያጠጣውም።

የገበሬውንም በደል አንዘነጋም። የዓመት ማሽላው በአንድ ሌሊት የተበላበት ሰው ዝሆንን ውደድ ቢሉት አይሰማም፤ መስማትም አይገባውም። ስለዚህ ነገር በኬንያ አንድ መልካም ዘዴ ተገኝቷል። ዝሆን ቆዳው ወፍራም ቢሆንም ንብ በኩምቢውና በዐይኑ ዙሪያ ስለምትነድፈው እጅግ ይፈራታል፤ የተቆጣ ንብ ድምፅ ሲሰማ መሸሹን ሊቃውንት በ2007 አረጋግጠዋል። ከዚያ ወዲህ ገበሬዎች ቀፎዎችን በሽቦ አያይዘው በእርሻቸው ዙሪያ ይሰቅላሉ። ዝሆኑ ሽቦውን ሲገፋ ቀፎው ይናወጣል፤ ንቡም ይወጣል፤ ዝሆኑም ይመለሳል። ገበሬው እህሉን ያተርፋል፤ ማርም ይቆርጣል። ቀፎን በዛፍ ላይ መስቀል ለወለጋ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሙያ ነው። ዝሆን በሚገኝባቸው በሌሎች አውራጃዎቻችን ይህን የሚያስተምር ሰው ቢፈለግ ከዚህ አገር የተሻለ አይገኝም።

ከእንግዲህስ

ወለጋ ዝሆኖቿን ያጣችበት ቆላ ዛሬም ሁሉ ነገር አልጠፋበትም። በቄለም ወለጋ የዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ ለጎሽና ለጉማሬ የሚሆን ረግረግ ይዞ ተከልሏል። በዴዴሳም ዳር ሾላውና ዋርካው ገና ቆሟል። ዝሆን ባይመለስ እንኳ፥ የዝሆን አገር የነበረ ምድር በዝሆን ዘመን ያጠጣቸውን ፍጥረታት እንዲያጠጣ ማድረግ ይቻላል።

በየሥራው ወንበር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን መሬት በምትመሩበት፥ እርሻ በምትከፍቱበት፥ መንገድ በምታወጡበት ጊዜ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ እናሳስባለን። በበጋ የማይደርቀው ውሃ የትኛው ነው? ወደዚያ ውሃ የሚያደርሰው የአራዊት መንገድ በየት ያልፋል? በወንዙ ዳርስ ምን ያህል ዛፍ ሳይቆረጥ ይቀራል? ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ካርታውን ከመንደፍ በፊት በአገሩ ያሉትን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች መጠየቅ ነው።

በቤት ያላችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ለልጆቻችሁ የዝሆንን ነገር ስትነግሩ፥ ጉልበቱንና ጥርሱን ብቻ አትንገሩ። 22 ወር የምትሸከመውን እናት፥ ግልገሉን በሆዷ ሥር የምታስጠልለውን አክስት፥ በድርቅ ዘመን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ አስታውሳ ቤተ ሰቧን ወደ ውሃ የምትመራውን አያት ንገሯቸው። ይህን ሰምቶ ያደገ ልጅ ነገ ሹም ቢሆን የምንጩን ዳር አያሳርስም፤ ነጋዴ ቢሆንም ጥርስ አይገዛም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።